ከፊርማው አስቀድሞ

በኅዳር መግቢያ፣ የዛፉ ቅጠል ረግፎ መንገዱን ሁሉ በሸፈነበት በአንድ ቅዳሜ ጧት፣ ከዋሽንግተን ከተማ በስተሰሜን በምትገኘው በሜሪላንድዋ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በቀይ ጡብ ከታነጹት ቤቶች በአንደኛው ደጃፍ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ቆሞ ነበር። ባልየው ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ የመጣ፣ ሚስቲቱ ከምትሠራበት ሆስፒታል የግማሽ ቀን ፈቃድ የተቀበለች፣ እናቷ ከወፍራም ካፖርታቸው በላይ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ የባልየው አጎት ደግሞ ለምክር የተጠሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ በኪራይ ቤት ያሳለፉት ዘመን በዚህ ደጃፍ ላይ እንዲያበቃ በልባቸው ቆርጠው መምጣታቸውም ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

የቤት ሽያጭ ወኪሏ በሩን ከፍታ ሁሉም ወደ ሳሎኑ ሊገቡ ሲሉ፣ አብሯቸው የመጣው የቤት መርማሪ ግን መሰላሉን ከመኪናው አውርዶ ሣሩ ላይ ካጋደመ በኋላ፣ የተከፈተውን በር ትቶ የቤቱን ዙሪያ ይዞር ጀመር። ይህ ሰው አገር ቤት የሕንጻ ሥራ ተምሮ፣ በስደት አገርም ብዙ ዓመት በእጁ ከሠራ በኋላ ከሜሪላንድ መንግሥት የመርማሪነት ፈቃድ የተቀበለ ሲሆን፣ ዓይኑ ያረፈው በጡቡ ውበት ወይም በመስኮቱ ስፋት ላይ ሳይሆን ግድግዳው መሬቱን በሚነካበት ሥፍራ ላይ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ ከብርዱ ይግቡ፤ እኔ የውጩን ሳላይ የውስጡ አይገባኝም» አላቸው። እርሳቸው ግን አልገቡም፤ እርሱ በሄደበት ሁሉ ኋላ ኋላው ይከተሉት ነበር።

ከቤት ጠላቶች ሁሉ የሚከፋው ውሃ እንደ ሆነ በዚህ ሙያ የኖሩ ሰዎች ይስማማሉ። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣራ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2,500 ሊትር ውሃ ይሰበሰባል፤ ይህ ሁሉ ውሃ አሸንዳው ተቀብሎት፣ በመውረጃው ቧንቧ ወርዶ፣ ከቤቱ ርቆ ካልፈሰሰ በቀር የሚሄድበት ሌላ ሥፍራ የለውምና ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። ስለዚህ መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘነበለ መሆኑን ነው፤ ይኸውም ከግድግዳው ጀምሮ ባሉት 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ያስፈልጋል። በዚህ ቤት ግን በስተምሥራቅ ያለው መሬት ወደ ግድግዳው ያጋደለ ሲሆን፣ የአሸንዳው መውረጃም ተሰብሮ ልክ ከማዕዘኑ ሥር ያበቃል። መርማሪው ይህን በፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ ወደ ሚስቲቱ ዞሮ «ቤዝመንት ስንወርድ ይህን ማዕዘን አስታውሺኝ» አላት። የጡቡንም መጋጠሚያ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ሲሚንቶ ሲደርቅ የሚያመጣው ቀጭን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከሞላ ጎደል የሚያሳስብ አለመሆኑን፣ በደረጃ አምሳል ጡብ ለጡብ እየዘለለ የሚወርደው ስንጥቅ ግን መሠረቱ መስመጡን ሊያመለክት እንደሚችል፣ ከሁሉም የሚያስፈራው አፈሩ ከውጭ ገፍቶ በምድር ቤቱ ግድግዳ ወገብ ላይ የሚያወጣው አግድም ስንጥቅ መሆኑን ነገራቸው።

በዚህ ጊዜ አጎትየው ዝም ብለው የቆዩትን ነገር ተናገሩት። «የሰውን ቤት እንዲህ እየበረበሩ ጉድለቱን መልቀም ነውር አይሆንም ወይ? ቤቱ ያምራል፣ ዋጋውም ተስማምቷል፤ ምን ቀረን?»

ይህ የሽማግሌው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን ቤት ሲገዛ ገዢው አጥብቆ የሚመረምረው ስለ ሰዉ እንጂ ስለ ግድግዳው አልነበረም፤ ካርታው የማን ነው፣ ግብሩ ተከፍሏል ወይ፣ ወሰኑ የሚከራከርበት ጎረቤት አለ ወይ፣ ከባሕር ማዶ ተመልሶ ድርሻዬን የሚል ወራሽ ይመጣ ይሆን እያለ ይጠይቃል፤ ሻጭና ገዢም በሽማግሎች ፊት ተቀምጠው፣ ምስክር ቆጥረው፣ ቀብድ ተቀባብለው ይለያያሉ። ስለ ቤቱ አካል ልዩ መርማሪ አያስፈልግም የተባለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ክረምት በገባ ቁጥር የትኛው ጣራ እንደሚያፈስ፣ የማን ምሰሶ በምስጥ እንደተበላ፣ ጎርፉ በየትኛው ግቢ እንደሚያልፍ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገዢውም የዕድሩን ሰዎች ወይም የሰፈሩን ባለሱቅ ቢጠይቅ እውነቱን ከመስማት አይጎድልም። እንግዲህ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ለቤቱ የሚመሰክርለትም የሚመሰክርበትም ጎረቤት ነበር። በስደት አገር ግን ገዢው ሻጩን ብዙ ጊዜ በዓይኑ እንኳ ሳያየው፣ በወኪሎች አማካይነት፣ በወረቀትና በኤሌክትሮኒክ ፊርማ፣ የ30 ዓመት ዕዳ ይገባል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ጎረቤት ቀርቦ የሚጠይቅበት ልማድም ፊትም የለውም። መርማሪው ቆሞ የሚመሰክረው በዚያ በጠፋው ጎረቤት ፈንታ ነው፤ ስለዚህም ምርመራውን ሻጩን እንደ መጠርጠር የሚቆጥሩ ወገኖቻችን ነገሩን እንደገና ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ቤትን መመርመር ነውር ይሆናል ለሚል ሁሉ ደግሞ ከኦሪት የቀደመ መልስ አይገኝም። በዘሌዋውያን 14ኛው ምዕራፍ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ የተደነገገውን ያነበበ ሰው፣ የቤት ምርመራ ሥርዓት ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ያስተውላል። በዚያ ሥርዓት መሠረት ባለቤቱ ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ በቤቱ ያየውን ምልክት ይናገራል፤ ካህኑም ወደ ውስጥ ከመግባቱ አስቀድሞ ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ ያዛል፤ ከዚያም አረንጓዴ ወይም ቀይ የመሰለውን፣ ወደ ግንቡ የዘለቀውን ጉድጓድ ተመልክቶ ቤቱን ለ7 ቀን ይዘጋል፤ ተመልሶ ሲያይ ደዌው ሰፍቶ ቢገኝ የተበከለው ድንጋይ እንዲወጣ፣ ልስኑም ተፋፍቆ ከከተማ ውጭ እንዲጣል ያደርጋል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳግመኛ ቢመለስ ግን ቤቱ ይፈርሳል። ዛሬ ሻጋታ ለምንለው ነገር የቀረበውን ይህን ጥንቃቄ ያየ፣ ከእርሱም ጋር በዘዳግም 22ኛው ምዕራፍ ሰው ወድቆ እንዳይሞት በሰገነት ዙሪያ መከታ ይሠራ ዘንድ የታዘዘውን ያሰበ ምእመን፣ የቤትን ጉድለት መፈለግ ለነፍስና ለሥጋ ደኅንነት የሚደረግ ትጋት መሆኑን አይጠራጠርም። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በዚያ ሕግ ነገሩን የሚጀምረው ባለቤቱ ራሱ መሆኑ ነው፤ ጉድለቱን ያየው እርሱ ነውና የመናገሩ ግዴታም በእርሱ ላይ ወደቀ።

የምዕራባውያን ሕግ እዚህ ደረጃ ለመድረስ ብዙ ዘመን ወስዶበታል። በሮማይስጥ ቃል የሚጠራው «ገዢ ይጠንቀቅ» የሚለው ደንብ በእንግሊዝና በአሜሪካ የቤት ሽያጭ ላይ ለረጅም ጊዜ ነግሦ ስለኖረ፣ ሻጭ ዋሽቶ ካልተገኘ በቀር ዝም በማለቱ ብቻ አይከሰስም ነበር። ይህን ደንብ ካናወጡት ፍርዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1985 የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆንሰንና ዴቪስ በተባሉ ቤተ ሰቦች መካከል የሰጠው ነው። ዴቪሶች ገና 3 ዓመት የሆነውን ቤት በ310,000 ዶላር ለመግዛት ተዋውለው ሳለ በአንድ መስኮት ዙሪያ የተላላጠ ልስን፣ በኮርኒሱም ላይ እድፍ አይተው ቢጠይቁ፣ የመስኮቱ ነገር ትንሽ እንደ ሆነና አስቀድሞም እንደተስተካከለ ተነገራቸው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብርቱ ዝናብ ሲጥል ግን ውሃው በመስኮቱ ዙሪያና በኮርኒሱ በኩል ይወርድ ጀመር። ፍርድ ቤቱም የከፈሉት ቀብድ እንዲመለስላቸው ከመወሰኑ በላይ፣ የቤቱን ዋጋ የሚለውጥና በቀላሉ የማይታይ ጉድለት የሚያውቅ ሻጭ ለገዢው መግለጥ እንዳለበት ደነገገ። ይሁን እንጂ ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በሜሪላንድ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ በቅጽ ዘርዝሮ ከመስጠትና ቤቱን እንዳለ እሸጣለሁ ብሎ ከማስታወቅ አንዱን ይመርጣል፤ ሁለተኛውን ቢመርጥም እንኳ የሚያውቀውን ኅቡእ አደገኛ ጉድለት ከመግለጥ አያመልጥም። በቨርጂንያ ግን ሸክሙ ይበልጡን በገዢው ትከሻ ላይ ነው። በየትኛውም ቢሆን ሻጭ የማያውቀውን ሊገልጥ አይችልምና፣ ምርመራው የሚያስፈልገው ከውሸት ለመዳን ብቻ አይደለም።

ሙያው ራሱ በሥርዓት የቆመው በቅርብ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የቤት መርማሪዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ መርማሪው ምን ምን ማየት እንዳለበትና ከምን መራቅ እንደሚገባው በመጻፍ ለሥራው መልክ ሰጥቶታል። ዛሬ በሜሪላንድ ፈቃድ የሚሻ ሰው የ72 ሰዓት ትምህርት ተከታትሎ ብሔራዊውን ፈተና ማለፍ አለበት፤ በቨርጂንያም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ያለ ፈቃድ በዚህ ሥራ መሰማራት ተከልክሏል።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት እንመለስና፣ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ ሚስቲቱ አደራዋን ጠብቃ የምሥራቁን ማዕዘን ለመርማሪው አሳየችው። ግድግዳው በጠቅላላ ያረጀ ሲሆን የታችኛው አንድ ሜትር ብቻ በቅርቡ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። መርማሪው በርከክ ብሎ፣ ባትሪውን በግድግዳው ላይ በጎን አብርቶ፣ ከቀለሙ ሥር ያበጠውን ሥፍራ አሳያቸው፤ ቀለሙ ያልደረሰበትም ቦታ ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር በጣቱ ጠርጎ አወጣ። ይህ ነጭ ዱቄት ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ እያለፈ ከሲሚንቶው አሟሙቶ የሚያወጣው ጨው ሲሆን፣ ውሃው ደርቆ ከሄደ በኋላ ማለፉን የሚመሰክረው እርሱ ነው። ከዚያም ሁለት እግር ያለውን የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ተከለ፤ ቁጥሩም በሌሎቹ ግድግዳዎች ላይ ከታየው እጅግ ከፍ አለ። መርማሪው ሻጮቹ ሊያታልሉ ቀቡት አላለም፤ የሰውን ኅሊና መመርመር ሥራው አይደለምና። ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ውሃ ይገባል፤ የሚገባውም ደጅ ባየነው ምክንያት ይመስለኛል፤ መሬቱ ተስተካክሎ መውረጃው ቢራዘም ብዙው ይቆማል፤ ካልቆመ ግን ከመሠረቱ ዙሪያ መቆፈር ይመጣል፤ የሁለቱ ወጪ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።» ምክንያትና ምልክት በአንድ ላይ ሲነበቡ የሚገኘው ይህ ዓይነቱ ማስተዋል ነው ገንዘብ የሚከፈልበት።

ከኤሌክትሪኩ ማከፋፈያ ሣጥን ፊት ሲደርስ ሁሉንም ወደ ኋላ እንዲሉ ጠየቀና ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታ። በዚህ አገር የቤቱ የልደት ዓመት በሽቦው ላይ ይነበባል ማለት ይቻላል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት በሸክላ ጉልላቶች ላይ የተወጠረ ሽቦ ሊገኝባቸው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ከታነጹት አያሌዎቹ መዳብ በመወደዱ በአሉሚኒየም ሽቦ ስለተዘረጉ፣ መጋጠሚያው እየላላና እየጋለ እሳት የማስነሣት አደጋ አለባቸው። በ1950ዎቹ የተሠራው ይህ ቤት የመዳብ ሽቦ ቢኖረውም ወደ መሬት የሚያወርደው ሦስተኛ ሽቦ በብዙው ክፍል አልተዘረጋለትም፤ የኋላ ሰዎች ግን ሽቦውን ሳይለውጡ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ገጥመውበታል። መርማሪው በየሶኬቱ የሚሰካት ትንሽ መፈተሻ መብራቷን እያሳየች ይህን አጋለጠች። ማሞቂያው ምድጃም ከተሠራ ከ20 ዓመት በላይ እንደ ሆነው በላዩ ከተለጠፈው ጽሑፍ ተነበበ፤ በእንዲህ ያለ ያረጀ ምድጃ ውስጥ እሳቱን ከሚተነፈሰው አየር የሚለየው ብረት ቢሰነጠቅ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በየመኝታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ጣራ ሥር ደግሞ፣ የመታጠቢያ ቤቱን እንፋሎት ወደ ውጭ ማውጣት የሚገባው ቧንቧ እዚያው ኮርኒሱ ላይ ተቋርጦ፣ ከአናቱ ያለውን ጣውላ አጥቁሮት ነበር።

ዓይን ከማያየው ነገር ሁሉ ግን ስለ ራዶን የሚነገረው ከሁሉ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ገደማ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት በሊምሪክ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚሠራ ስታንሊ ዋትራስ የተባለ መሐንዲስ፣ ሠራተኛው የጨረር ብክለት እንዳለበት የሚለየውን መሣሪያ በየጊዜው ያስጮኸው ጀመር። ማመንጫው ገና ኃይል ማመንጨት አልጀመረም፤ ስለ ሆነም ብክለቱ ከሥራው ወደ ቤቱ የሚሄድ ሳይሆን ከቤቱ ወደ ሥራው የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። ቦየርታውን አጠገብ የነበረው መኖሪያው ሲለካ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 2,700 ፒኮኩሪ ያህል ራዶን ተገኘበት፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቤቱ እንዲታረም የሚመክረው ግን ልኬቱ ከ4 ጀምሮ ነው። ራዶን በአፈርና በዐለት ውስጥ ካለው ዩራኒየም የሚመነጭ፣ በመሠረቱ ስንጥቅ በኩል ወደ ቤት የሚገባ ጋዝ ሲሆን፣ በዚሁ መሥሪያ ቤት ግምት በየዓመቱ 21,000 ያህል አሜሪካውያን በእርሱ ሰበብ በሳንባ ካንሰር ይሞታሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ አውራጃም ይህን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ የአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ ቤት ከመሸጡ በፊት የራዶን ምርመራ እንዲደረግበት በሕግ አዝዟል። መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ከወለሉ ሥር በቧንቧና በማራገቢያ አየሩን ስቦ ከጣራ በላይ ማውጣት ነው፤ የዋትራስም ቤተ ሰብ ቤቱ ከታረመ በኋላ ተመልሶ ገብቶበታል። መርማሪያችንም መለኪያውን ምድር ቤቱ ውስጥ አኑሮ፣ መስኮቱ ሁሉ ለ48 ሰዓት ተዘግቶ እንዲቆይ አዘዘ።

የሙያውን ዳርቻ ማወቅም ያስፈልጋል። መርማሪው ግድግዳ አያፈርስም፣ ምንጣፍ አይገልጥም፣ የሰው ዕቃ አያነሣም፤ የሚናገረው በዚያች ቀን ለዓይን ክሡት ስለሆነው ነገር ብቻ ሲሆን፣ ነገ ምን እንደሚሰበር የሚተነብይ ነቢይ አይደለም። ምስጥ የሚመረምረው ሌላ ባለሙያ ነው። ከቤቱ እስከ መንገዱ የሚሄደውን የፍሳሽ ቧንቧም በካሜራ ማሳየት ለብቻው ይከፈልበታል፤ በዚህ ዕድሜ ባለ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ከሸክላ የተሠራ፣ የዛፍ ሥር በየመጋጠሚያው የሚገባበት በመሆኑ፣ ይህን ወጪ መቆጠብ ብልኅነት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ሁሉ ደግሞ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖር ስለሚችል፣ በ1992 የወጣው የፌዴራል ሕግ ገዢው በራሱ ወጪ የሚያስመረምርበት 10 ቀን ሰጥቶታል፤ ሕፃናት ያሏቸው ወላጆች ይህን መብት በፊርማ ሲተዉት ማየት ያሳዝናል።

ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ሁሉም በወጥ ቤቱ ተሰብስበው ሳለ አሮጊቷ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። «ልጄ፣ እንግዲህ ቤቱ አለፈ ወይስ ወደቀ?»

«እማማ፣ ቤት አያልፍም፣ አይወድቅም» አላቸው። «ጉድለት የሌለበት ቤት እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። የእኔ ድርሻ ያለበትን መናገር ነው፤ ይህን ተሸክመን እንገባለን ወይስ አንገባም ማለት የእናንተ ነው።»

በማግስቱ ከመርማሪው የደረሳቸው ጽሑፍ በብዙ ፎቶግራፎች የተሞላ፣ እንደ መጽሐፍ የወፈረ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አንዱ ዝርዝሩን ቆጥሮ ይደነግጥና ጥሩ ቤት ይለቃል፤ ሌላው ሳያነብ አስቀምጦ ቁልፍ ይቀበላል። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው የላላ የበር እጀታና የተሰነጠቀ የምድጃ ብረት በአንድ ዓይነት ፊደል ስለሚጻፉ፣ ክብደታቸውን የሚለየው በምርመራው ቀን ከመርማሪው ጋር የዞረ፣ ድምፁን የሰማ ሰው ነው። ስለዚህ ገዢው በሥፍራው መገኘቱ ከጽሑፉ አያንስም ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ምርመራው ጥቅም የሚሰጠው በውሉ ውስጥ ቦታ ካገኘ ነው። ገዢው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ አስመርምሮ፣ ውጤቱን አይቶ፣ እርማት ወይም የዋጋ ቅናሽ ሊጠይቅ፣ ካልተስማማም ቀብዱን ተቀብሎ ሊሄድ የሚችልበት አንቀጽ አለ፤ ይህ አንቀጽ ከሌለ ጉድለቱን ማወቅ ኀዘን እንጂ ኃይል አይሆንም። በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን የብድር ወለድ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ ገዢው በበዛበትና ቤቱ ባነሰበት ጊዜ፣ ተወዳዳሪዎች ይህን መብት እየተዉ፣ ያላዩትን ሸክም በፈቃዳቸው እየተሸከሙ ገዝተዋል፤ ከወገኖቻችንም የክረምቱ ዝናብ ሲመጣ ዋጋውን የከፈሉ አሉ። ጉዳቱን ያየችው ማሳቹሴትስ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 አንሥቶ ሻጭ ገዢውን ምርመራ ተው ብሎ ቅድመ ሁኔታ እንዳያስቀምጥ ከልክላለች። እንዲህ ያለ ክልከላ በሌለበት ሥፍራ ደግሞ፣ ቢያንስ ዋጋ ከማቅረብ በፊት መርማሪ ይዞ አንድ ጊዜ መዞርን የሚፈቅዱ ሻጮች አሉና መጠየቅ አይከፋም።

ባንኩ የሚልከውን ዋጋ ገማች ከመርማሪ ጋር ማምታታትም የተለመደ ስሕተት ነው። ገማቹ የሚሠራው ለአበዳሪው ሲሆን፣ ቤቱ ለብድሩ መያዣነት ይበቃ እንደ ሆነ ብቻ ያያል፤ በፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ዋስትና ለሚበደሩ ሁሉ መንግሥት ራሱ የቤት ምርመራ አስደርጉ የሚል ጽሑፍ ያዘጋጀላቸውም ይህ ልዩነት እንዳይሰወርባቸው ነው። መርማሪውን ማን ይምረጠው ለሚለውም መልሴ አጭር ነው፦ ቤቱ ካልተሸጠ የማይከፈለው ሰው አይምረጠው። ከወኪሎቻችን መካከል ቅኖችና ታማኞች ብዙ ናቸው፤ የአገር ልጅነትና የአበ ልጅነት ዝምድና ግን ገዢውን ከመጠየቅ ሊያግደው አይገባም። የመርማሪው ፈቃድ፣ ዋስትናው፣ ከዚህ በፊት የጻፈው አንድ ናሙና ጽሑፍ ይታይ፤ ዋጋው እንደ ቤቱ ስፋት ከ400 እስከ 700 ዶላር ገደማ ነውና፣ በ50 ዶላር ልዩነት ብቻ ማማረጥ ከንቱ ነው።

ያ ቤተ ሰብ በመጨረሻ ቤቱን ገዛው። የፍሳሹ ቧንቧ በካሜራ ሲታይ የዛፍ ሥር በሁለት ቦታ ገብቶበት ተገኘ፤ የራዶኑም ልኬት ከ4 አለፈ፤ ከብዙ ድርድር በኋላ ሻጮቹ የራዶኑን ማውጫ አስገጥመው፣ ለቧንቧውና ለምድጃው ከዋጋው ላይ ቀነሱላቸው። አጎትየው በተቀነሰው ገንዘብ ልክ ሐሳባቸውን መለወጣቸውን በፊቴ ተናግረዋል፤ እኔ ግን ምንም ባይቀነስ እንኳ ምርመራው አይቀርም ባይ ነኝ፤ አሮጊቷ የሚተኙባት ክፍል ያለችው በዚያው ምድር ቤት ነውና።

አዲስ ቤት ምርመራ አያሻውም የሚሉም አሉ፤ እነርሱም ዋሽንግተን ዙሪያ በየዓመቱ ከሚሠሩት ሰፈሮች በአንዱ ሊገዙ የተዘጋጁ ወዳጆቻችን ናቸው። በጥድፊያ የሚሠራ ቤት ግን ያልተገናኘ ቧንቧ፣ የተረሳ መከለያ፣ የጎደለ ሚስማር በልስኑ ሥር ይዞ ሊጨረስ ይችላል፤ ስለዚህ ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሠሪው የሚሰጠው የአንድ ዓመት ዋስትና ከማለቁ በፊትም በ11ኛው ወር ሌላ ጊዜ ማስመርመር የተፈተነ ልማድ ነው። ከዚሁ አገር ሆነው አዲስ አበባ ላይ በፕላን ብቻ አይተው ቤት የሚገዙትም ቢሆኑ፣ ካርታውንና ውሉን በጠበቃ እንደሚያስመረምሩት ሁሉ፣ ከርክክቡ በፊት ከሠሪው ጋር ዝምድና የሌለውን መሐንዲስ ልከው ኮንክሪቱን፣ የውሃ መውረጃውን፣ የኤሌክትሪኩን ዝርጋታ ቢያሳዩ ይበጃቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሥራ ተቋራጩ ከርክክቡ አንሥቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ጽናት ዋስ እንዲሆን አድርጎታል፤ ይህን መብት ለመጠቀም ግን በርክክቡ ቀን ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ የሚያስረዳ ጽሑፍ በእጅ መኖሩ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እርሱም ልመና ነው። በዚያ ቅዳሜ አሮጊቷ የጠየቁትን በራሳቸው ቋንቋ ጠይቀው፣ በራሳቸው ቋንቋ መልስ ያገኙት መርማሪው የአገራቸው ልጅ በመሆኑ ነው። በየቤቱ ግን ያን የሚያህል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የ12 ዓመት ልጅ እየተረጎመ ለወላጆቹ ሲያነብ፣ ስለ መሠረቱና ስለ ምድጃው የሚፈርዱትም የልጁ ቃላት ሲሆኑ አያለሁ። አገር ቤት ምህንድስና ተምራችሁ ዛሬ በሌላ ሥራ የምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች፣ የ72 ሰዓቱን ትምህርት ተከታትላችሁ ፈቃዱን ውሰዱ፤ የደብራት ሰበካ ጉባኤያትና የኅብረተ ሰቡ ማኅበራትም፣ ቤቱ ከተገዛ በኋላ ጸበል ይዘው መጥተው እንደሚባርኩት ሁሉ፣ ከመገዛቱ በፊት ከቅዳሴ በኋላ ባለች አንድ ሰዓት እነዚህን ባለሙያዎች ጋብዘው፣ የምርመራውን አንቀጽና የጽሑፉን አነባበብ ለምእመናኑ በአማርኛ ያስተምሩ።